ስምንት ወር ሙሉ «ቶንሲል ነው»! ሮቦቱስ ምን ያድርግ?

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ቤቱን ለመሸጥ ደላላ ጠርቶ አገኘሁት። ምነው ብለው፣ የታላቅ ወንድሙ ሕመም የጉሮሮ ካንሰር ነው ተብሏል፤ «ውጭ አገር ሳይቀዱ የሚያድን ሮቦት አለ» ብሎም አንድ ሰው ነግሮታል። «እስቲ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ አጣራልኝ» አለኝ። አጣራሁ። ነገሩ የእሱ ቤት ብቻ ጉዳይ አይደለምና እናንተም ስሙት።

ሮቦቱ አለ፣ ውሸት አይደለም። ዳ ቪንቺ ይባላል። በአፍ በኩል ገብቶ የጉሮሮ ዕጢ እንዲወጣበት ያደረጉት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሐኪሞች ዋይንስቲንና ኦማሊ ሲሆኑ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ፈቅዶታል። ታዲያ ራሱ አስቦ የሚቆርጥ ብረት እንዳይመስላችሁ! ሐኪሙ ከበሽተኛው ራቅ ብሎ ይቀመጥና የጉሮሮውን ውስጥ አጉልቶ በሚያሳይ ካሜራ እያየ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ቀጫጭኖቹ የብረት እጆች እሱ ያደረገውን በአፍ ውስጥ ያደርጋሉ። እጁ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ማሽኑ መንቀጥቀጡን ያስቀርለታል።

ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ድሮ ምላስ ሥር የተደበቀ ዕጢ ለማውጣት ከንፈርና አገጭ ተሰንጥቆ የመንጋጋ አጥንት በመጋዝ ይከፈል ነበር። ሰውዬው ቢተርፍም መናገሩና መዋጡ አሳር ነው። አሁን ፊቱ ሳይነካ ይወጣል።

ደላላው የማይነግራችሁን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። ሮቦቱ የሚሆነው በጊዜ ለተገኘ ትንሽ ዕጢ ነው። አድጎና ተንሰራፍቶ ለመጣ ሰው ዋና ሕክምናው ጨረርና መድኃኒት ነው። ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ማሽን፣ መሣሪያዎቹ እንኳ የተቆጠረላቸውን ያህል ካገለገሉ በኋላ ማሽኑ ራሱ አልቀበልም ይላል፤ ሌላ ግዙ ነው!

ለመሆኑ ከጨረር ይበልጣል? ካናዳና አውስትራሊያ ላይ 68 በሽተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በጨረር ግማሹን በሮቦት አክመው አነጻጸሩ። ውጤቱ በ2019 ወጣ። ከዓመት በኋላ በመዋጥ በኩል እንዲያውም የጨረሮቹ ጥቂት ሻል ብሎ ተገኘ፤ ልዩነቱ ግን ያን ያህል አልነበረም። ከሮቦቶቹ ወገን አንድ ሰው ደም ፈሶት ሞቷል። እንግዲህ ቤት የሚያሸጥ ተአምር የቱ ነው?

የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ወንድም ድምፁ ከጎረነነ፣ ሲውጥም ጆሮው ድረስ መውጋት ከጀመረው ስምንት ወር አለፈው። በየጊዜው ወደ አንድ ክሊኒክ ይሄዳል፤ «ቶንሲል ነው» ይሉትና አሞክሳሲሊን ይሰጡታል። አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣም ያው አሞክሳሲሊን! አንድም ሰው በአፍንጫ የሚገባውን ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አላየውም። በስምንት ወር ውስጥ ዕጢው አድጓል። አሁን ሮቦቱ እዚሁ ሰፈራችን ቢተከልስ ለእሱ ምን ይፈይድለታል?

ባለሥልጣን ሪባን መቁረጥ ይወዳል፤ አዲስ ማሽን ፎቶ ላይ ያምራል። ናሙና አይቶ «ይሄ ካንሰር ነው» የሚል ሐኪም በየአውራጃው ማስቀመጥ ግን ለፎቶ አይመችም። ለብዙ ዓመታት ጨረር ፈላጊው የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ ጥቁር አንበሳ ደጅ ሲሰለፍ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ጅማን የመሰሉ ተጨምረዋል፣ እሰየው ነው። ነገር ግን ሰዉ ወረፋው ላይ የሚደርሰው ጉሮሮው ሊዘጋ ሲል ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ለክሊኒኮች «ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መጎርነን በአንቲባዮቲክ አይታለፍም፣ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ዘንድ ይላክ» ብሎ ትእዛዝ ለማውረድ ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል እንዴ? አንድ ገጽ ወረቀት ነው!

እናንተም፣ በተለይ ሲጋራና መጠጥ የምታዘወትሩ፣ በአንድ ወገን ብቻ ሲውጥ የሚያም ጉሮሮና የማይጠፋ የአንገት እብጠት ካላችሁ ፋርማሲ አትሂዱ።

የአክስቴ ልጅ ሽያጩን ለጊዜው ትቶታል። ወንድሙ ለጨረር ተመዝግቦ ወረፋ ይጠብቃል፤ ሾርባ ብቻ ነው የሚወርድለት። ደላላው ግን ዛሬ ጠዋትም ደውሏል።