በሎጊያ የሞተር ሳይክል አሽከርካሪው ደህንነትና የካሳ መብቱ

ኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግዷን በአብዛኛው የምታስተናግደው በጅቡቲ ወደብ በኩል መሆኑ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አድርጎ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው ዋና መንገድም የዚሁ ንግድ የደም ሥር ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር መስመር ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ስለሚታጠፍ የታችኛው አዋሽ ከተሞችን አይነካም። በመሆኑም ቦቴዎችና ተሳቢዎች ዛሬም ሎጊያን አቋርጠው ያልፋሉ።

ከአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ከሰመራ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የምትገኘው ሎጊያ የመንገዱ ልጅ ናት። የረጅም ርቀት አሽከርካሪዎች የሚያርፉባትና የሚመገቡባት፣ ተሽከርካሪዎቻቸውን የሚያስጠግኑባት የንግድ ከተማ ለመሆን የበቃችውም በዚሁ መንገድ ነው። በአንጻሩ ነዋሪው ወደ ሥራው፣ ወደ ሰመራ፣ ወደ ዱብቲ ሆስፒታልና ወደ አሳይታ ሲንቀሳቀስ በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ይገለገላል። የአገሪቱ ረጅም ጉዞና የከተማዋ አጭር ጉዞ በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። የችግሩ መነሻም ይኸው ነው።

ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል። አሽከርካሪው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥም በተሽከርካሪው ጎንና ከኋላው የሚገኝን ሞተር ሳይክል ላያየው ይችላል። መንገድ ዳር የቆመ ከባድ ተሽከርካሪ ሞተረኛው ወደ መሃል እንዲወጣ ያስገድደዋል፤ ሌሊት ያለ መብራትና ያለ አንጸባራቂ ምልክት ከቆመ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ሪፖርት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመንገድ አደጋ ሕይወቱን እንደሚያጣ፣ ከእነዚህም 21 በመቶ ያህሉ የባለሁለትና ባለሦስት እግር ሞተር ተጠቃሚዎች መሆናቸውን ያመለክታል። በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያስረዱት ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። እንደ ታችኛው አዋሽ ባለ ሐሩር አካባቢ ሙቀቱ ሄልሜት ማድረግን ከባድ ያደርገዋል። ይሁንና ሙቀቱ የሚያስከትለው ምቾት ማጣት በጭንቅላት ጉዳት ከሚመጣው ሞትና አካል ጉዳት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ብቻውን ግን በቂ አይሆንም። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሞተር ሳይክል ብቻ የተከለለ መንገድ በመገንባት ሞተረኛውን ከፈጣኑና ከከባዱ ተሽከርካሪ መለየት እንደሚቻል አሳይታለች። ለሎጊያ ዓይነቷ ከተማ ይህን ያህል ሰፊ ግንባታ ባይቻል እንኳ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ለአጭር ጉዞ የሚሆን የውስጥ መንገድ ማዘጋጀት፣ ለከባድ ተሽከርካሪዎች ከአስፋልቱ የራቀ ማቆሚያ መመደብ፣ በከተማዋ መግቢያና መውጫ የፍጥነት መቀነሻ ማበጀትና የመንገድ ዳር መብራት ማሟላት ብዙ ሕይወት ሊታደግ ይችላል።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ የተጎጂው መብት ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ግን አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ጠቅላላ ጉዳቱንም ባለቤቶቹ እኩል እንዲካፈሉ ያደርጋል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለሆነም እግሩ የተሰበረ ሞተረኛ ሙሉ ካሳ ማግኘቱ በአብዛኛው የተመሠረተው በማስረጃ ላይ ነው። የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋ ፕላን፣ የምስክሮች ስምና የሐኪም ማስረጃ ወሳኝነታቸው ከዚህ የመነጨ ነው።

በ2005 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለዚህ መድን በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለውም ደንግጓል። ጉዳት አድራሹ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ተጎጂው ከመድን ፈንድ ካሳ የሚያገኝበትን አሠራር ዘርግቷል። ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ጉዳይ ሞተረኛው ለራሱ ሞተር የገባው የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠብቀው እሱ የሚጎዳውን ሰው እንጂ ራሱን አለመሆኑ ነው። ሞተረኛው በከባድ ተሽከርካሪ ሲገጭ ካሳ የሚጠይቀው ከዚያ ተሽከርካሪ መድን ነው። ተሽከርካሪው የጅቡቲ ሰሌዳ የለጠፈ ቢሆንም በሩ አይዘጋም። ሁለቱም አገሮች የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የመድን ሥርዓት አባላት ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ በኩል ሥርዓቱን የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ነው። በመሆኑም ሰሌዳውን መመዝገብ ከሁሉ የሚቀድም ተግባር ነው።

በአካባቢው አለመግባባቶች በአፋር ባህላዊ ሕግ በመድአ አማካይነት በሽማግሌዎች መፈታታቸው የቆየ ልማድ ነው። ይህ ሥርዓት ፈጣን በመሆኑና ቂምን በማስቀረት ረገድ ያለው ጠቀሜታ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በአግባቡ የተደረገ የእርቅ ስምምነት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር በመሆኑ፣ የጉዳቱ መጠን በሐኪም ሳይታወቅ የሚፈረም ውል ኋላ ላይ ለሚከሰት የአካል ጉዳት በር ሊዘጋ ይችላል። እርቁ ከሕክምናው ውጤት በኋላ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ተጎጂም በ1958 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 467 መሠረት በደኃ ደንብ ክስ ለመመሥረት ፍርድ ቤቱን ሊያስፈቅድ ይችላል። ጉዳዩ በወንጀል የሚታይ ሲሆን የካሳ ጥያቄው ከወንጀሉ ክስ ጋር እንዲጣመር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የተጎጂው መብት ከሕግ መጓደል ይልቅ በመረጃ እጦትና በጊዜ ማለፍ ምክንያት ሊቀር እንደሚችል ነው። የከተማ አስተዳደሩ የአገሪቱን ጭነትና የነዋሪውን ሞተር የሚለይ መንገድ በማበጀት፣ ፖሊስ ማስረጃን በወቅቱ በመያዝ፣ የጤናና የፍትሕ ተቋማት ተጎጂው በሚያውቀው በአፋርኛና በአማርኛ መብቱን በማስረዳት የየድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። ሞተረኛውም መንጃ ፈቃዱን፣ ሰሌዳውን፣ መድኑንና ሄልሜቱን ከቅጣት ማምለጫ ሳይሆን እንደ ሕይወቱና እንደ ቤተሰቡ ዋስትና ሊመለከታቸው ይገባል።