የጁዶ ስሞች፦ ይተርጎሙ ወይስ ይፈቱ?

ጁዶ በዓለም ዙሪያ የሚነገረው በጃፓንኛ ነው። ዳኛው በፓሪስም ሆነ በዳካር፣ በትብሊሲም ሆነ በሪዮ ግጥሚያውን የሚያስጀምረው «ሃጂሜ!» ብሎ፣ የሚያቋርጠውም «ማቴ!» ብሎ ነው። ይህን የባዕድ ቋንቋ አምልኮ አድርገው የሚመለከቱ፣ ስሞቹ ሁሉ በየአገሩ ቋንቋ ተተርጉመው የጃፓንኛው ቅርፊት ይጣል የሚሉ ወገኖች በየጊዜው ይነሣሉ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ለሕዝብ የቆመ ይመስላል። ሠልጣኙ በማያውቀው ቃል ለምን ይደናቀፋል? የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። የሚሰጡት መልስ ግን የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋልጡት ቃላቱ ራሳቸው ናቸው።

«ኦሶቶ-ጋሪ» የተባለው አጣጣል ለምሳሌ ይወሰድ። «ኦ» ታላቅ፣ «ሶቶ» ውጭ፣ «ጋሪ» አጨዳ ማለት ነው። በ«ዴ-አሺ-ባራይ» ውስጥ ያለው «ባራይ» ደግሞ መጥረግ፣ በ«ኮ-ሶቶ-ጋኬ» ውስጥ ያለው «ጋኬ» በመንጠቆ እንደሚያዝ ዕቃ አቆላልፎ መያዝ ነው። ሦስቱንም «በእግር ጠልፎ መጣል» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ የተመልካች ዓይን የሚያየውም ይህንኑ ነው። ለሠልጣኙ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። የሚታጨደው እግር የባለቤቱን ክብደት ተሸክሞ መሬት የያዘ እግር ነው፤ ሥር እንደያዘ አገዳ ይቆረጣል። የሚጠረገው ግን ክብደት ገና ያላረፈበት ወይም ክብደቱ ሊለቀው የተቃረበ፣ በእርምጃ ላይ ያለ እግር ነው። መሬት የያዘውን እግር ሊጠርግ የሚሞክር ሰው ግንድ እንደሚገፋ ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ ስሙ እግሩ መቼ እንደሚመታ ጭምር ይናገራል። ጤፍ አጭዶ፣ ዐውድማ ጠርጎ ያደገ የገበሬ ልጅ ይህን ከማንም ቀድሞ ሊረዳው በተገባ ነበር፤ የነገረው ቢኖር። የሚነግረው በማጣቱ ግን «ጋሪ» ሲባል ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ይታየዋል፤ «ዋዛ» ሲባልም፣ በጃፓንኛ ሙያና ጥበብ መሆኑን ሳያውቅ፣ የሚታወሰው ቀልድና ዋዛው ነው።

ተጥሎ የሚወድቀው ሰው «ኡኬ» ይባላል። ተርጓሚው «ተጣይ» ሊለው ይችላል፤ በጃፓንኛው ግን «ተቀባይ» ነው። የአወዳደቅ ልምምዱም «ኡኬሚ»፣ ማለትም በአካል መቀበል ይባላል። የሚወድቀውን ሰው ተቀባይ ብሎ የሰየመ ትምህርት ስለ ውድቀት ምን እንደሚያስብ ለመምህራን ማብራራት አያስፈልግም። «ማቴ»ም ቢሆን «ቆይ» እንጂ «አቁም» አይደለም። የዳኛው ቅጣት «ሺዶ» ሲሆን ትርጉሙ መምሪያ፣ ማስተማሪያ ነው፤ ሦስተኛው ሺዶ ግን «ሃንሶኩ-ማኬ»ን፣ ሕግ ጥሶ መሸነፍን ያስከትላል። ዳኛው ሁለት ጊዜ አስተምሮ በሦስተኛው ያሰናብታል። «ቅጣት» የሚለው ትርጉም ይህን ሁሉ ውጦ ያስቀረዋል። የጁዶ የራሱ ስም እንኳ በአንድ ቃል ላይ የተነሣ ክርክር ውጤት ነው፤ ካኖ ጂጎሮ እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ በኤይሾ-ጂ ቤተ መቅደስ ኮዶካንን ሲመሠርት፣ ከነባሩ «ጁጁትሱ» ላይ ብልሃት የሚለውን «ጁትሱ» አንሥቶ መንገድ የሚለውን «ዶ» ተካበት።

ስሞቹን የመለወጥ ሙከራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ የገባው ጃፓናዊ ካዋይሺ ሚኪኖሱኬ ለፈረንሳውያን ይቀላል ብሎ አጣጣሎቹን በቍጥር ሰየማቸው፤ ኦሶቶ-ጋሪ «የእግር አንደኛ» ሆነ። ዘዴው ብዙ ሰው ማስተማሩ አይካድም። ይሁንና ቍጥር አያጭድም፣ አይጠርግም። ባቲና አምባሰል «ቅኝት ሁለተኛ፣ ቅኝት ሦስተኛ» ቢባሉ ወሎ ከዜማው ውስጥ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከ«የእግር አንደኛ»ም ውስጥ ማጭዱ ወጥቷል። ዛሬ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የተመዘገቡ ጁዶ ተጫዋቾች ያሏት ፈረንሳይ አጣጣሎቹን የምትጠራው በጃፓንኛ ስማቸው ነው።

በሶቭየት ኅብረት የተፈጸመው ግን ከማቅለል ሙከራ እጅግ ያለፈ ነበር። ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ በኮዶካን ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1913 ጥቁር ቀበቶ ያገኘ፣ በ1930ዎቹ በሞስኮ ጁዶን ያስተማረ ሰው ነው። በ1937 የጃፓን ሰላይ ተብሎ ተያዘ፤ በዚያው ዓመት በቡቲርካ እስር ቤት ሞተ። በ1938 ተማሪዎቹ ያስፋፉት ትግል በመንግሥት ደረጃ ታወቀ፤ በጁዶነቱ ግን አልነበረም። በኋላ «ሳምቦ» ተባለ፤ ምንጩም የሶቭየት ሕዝቦች ባህላዊ ትግሎች እንደሆኑ ተጻፈ። የጆርጂያውና የኡዝቤኩ ትግል በውስጡ መግባቱ እውነት ነው፤ የመምህሩ ስም ከውስጡ መውጣቱም እውነት ነው። ኦሽቼፕኮቭ ከክሱ ነጻ የተባለው በ1957 ነበር።

«ስሙ ቢቀር ጥበቡ መቼ ቀረ?» የሚል ተከራካሪ ማስረጃ አያጣም። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካሄደበት በ1964 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በቶኪዮ፣ ሶቭየቶች አራት የነሐስ ሜዳልያ ወስደዋል። እግር ያለ ስምም ያጭዳል፤ ይህ መቀበል ያለበት ነው። ዳሩ ግን ከአንድ ሕዝብ የተወሰደ ሙያ ስሙ ሲፋቅ ማን ከማን እንደተማረ አብሮ ይፋቃል። ለዚህም ነው የኦሽቼፕኮቭ ሞትና የጁዶ ስም መሰረዝ በአንድ ዘመን የተከናወኑት።

ይህ ለጃፓን ጥብቅና መቆም ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ጃፓንም ራሷ በጦርነቱ መካከል በ1943 የእንግሊዝኛ ቃላትን ከቤዝቦል ሜዳ አባርራ ነበር፤ «ስትራይክ» ይል የነበረ ዳኛ «ዮሺ» እንዲል ታዘዘ። ጦርነቱ ሲያበቃ «ስትራይክ» በጃፓንኛ አነጋገር «ሱቶራይኩ» ሆኖ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከተርጓሚው ይልቅ ስሙን የሚገድለው ግን ሳይፈታ የሚያስጠናው አሠልጣኝ ነው። ሠልጣኙ ለቀበቶ ፈተና ስሞቹን እንደ ዳዊት ያነበንባል፤ «ዋዛ-አሪ» ማለት «ጥበብ አለበት» የሚል የዳኛ ምስክርነት እንጂ የነጥብ መጠሪያ ብቻ አለመሆኑን ግን አልሰማም። ቅኔ ሲዘረፍ ሰሙን አሸምድዶ ወርቁን ያልጠየቀ ደቀ መዝሙር ከቅኔ ቤት ምን ይዞ ይወጣል? ኦሶቶ-ጋሪ ኦሶቶ-ጋሪ ተብሎ ይቀጥል፤ አሠልጣኙ ግን በመጀመሪያው ቀን ማጭዱን ያሳይ። ይህን ለማድረግ የቃላት ኮሚቴ ማቋቋም አያሻም።

የጃፓንኛው መዝገብ የተዘጋ ነው የሚለውም ክስ ውኃ አይቋጥርም። «ኮካ» የተባለው ነጥብ ከ2009 ጀምሮ ቀርቷል፤ «ዩኮ» በ2017 ተሰርዞ በ2025 ተመልሷል። በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ78 ኪሎ ወርቅ ያገኘው ጆርጂያዊ ሾታ ኻባሬሊ ይጠቀምበት የነበረው፣ ተጋጣሚን ከጀርባ ቀበቶው ይዞ አንሥቶ የመጣል ስልት ዛሬ በየአዳራሹ «ኻባሬሊ» እየተባለ ይጠራል። ጃፓናውያንም ለአንደበታቸው እንዲመች «ሃባሬሪ» ይሉታል እንጂ ወደ ጃፓንኛ አልተረጎሙትም።