ነጯን ኳስ እዩልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታ እስኪጀመር ሰዓት ልግፋ ብዬ የከፈትኩት አንድ የድሮ ቪዲዮ ላይ እንደተጣድኩ የመጀመሪያው ግማሽ አመለጠኝ። የማን ቪዲዮ ነው ትሉኝ ይሆናል። የሮናልዲኒሆ አይደለም፤ የዚዳንም አይደለም። የፊሊፒንሱ የፑል ተጫዋች የኤፍሬን ሬየስ ነው። «ፑል እዚህ ገጽ ላይ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚገባበት አለውና ትንሽ ታገሱኝ።

ሬየስ በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፓምፓንጋ በተባለ የፊሊፒንስ ግዛት ተወለደ። ገና በልጅነቱ ማኒላ ተልኮ ፑል ቤት ከነበረው አጎቱ ዘንድ አደገ። ቁመቱ ስላልደረሰ የኮካ ኮላ ሳጥን ላይ ቆሞ ይጫወት ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ የሚተኛው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው ይባላል። ቅጽል ስሙ «ባታ» ነው፤ በእነሱ ቋንቋ «ልጅ» ማለት ነው። ሌላው ዓለም ግን «አስማተኛው» ይለዋል። በ1985 አሜሪካ ሄዶ ሂውስተን ላይ የተወዳደረው ሴሳር ሞራሌስ በሚል የውሸት ስም ነበር፤ አሸነፈም። በ1994 አሜሪካዊ ሳይሆን ዩኤስ ኦፕንን የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1999 ደግሞ ካርዲፍ ላይ የዓለም ሻምፒዮን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የሬየስን ስም ከጠራችሁ ሁሉም ሰው የሚያሳያችሁ አንዲት ምት ነች። በ1995 ሬኖ ከተማ ውስጥ ከአሜሪካዊው ኧርል ስትሪክላንድ ጋር ለፍጻሜ ሲጫወት የመታት። ጨዋታው ናይን ቦል ነው፤ ሕጉ ነጯ ኳስ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር እንድትነካ ያስገድዳል። ስትሪክላንድ ነጯን ደበቃት። ሬየስ መምታት ያለበት ኳስ በቀጥታ አይታይም። ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብሎ አየና መታ፤ ነጯ አንዱን ጠርዝ፣ ከዚያ ሌላውን ጠርዝ ነክታ የፈረንጆቹን «ዜድ» ፊደል ሠርታ ተመለሰችና ኳሷን ቀዳዳ ውስጥ ከተተቻት። አዳራሹ ቀወጠው። እኔም ብሆን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየኋት አልደብቃችሁም።

ግን ሬየስን በዚህች ምት ብቻ የሚያውቀው ሰው ሬየስን አያውቀውም ባይ ነኝ። ለምን ቢሉ ያቺ ምት የችግር ምት ነች። ተጋጣሚው ጥግ ስላስያዘው የመጣች ነች። የሰውየው ትልቅነት ያለው ችግር ውስጥ ባልገባባቸው፣ ማንም ቆርጦ ለጓደኛው በማይልካቸው ረጃጅም ሰዓታት ላይ ነው።

እኔን ቅዳሜ ያስቀረኝ ቪዲዮ የ1996ቱ የሆንግ ኮንግ ግጥሚያ ነው። እንደገና ሬየስና ስትሪክላንድ። ቀድሞ 120 ጨዋታ ያሸነፈ 100 ሺህ ዶላሩን ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ለተሸናፊው ምንም የለም። ሦስት ቀን ፈጀ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አያያዙ ነው። እንጨቱን ወደ ኋላ መጨረሻው አካባቢ ለቀቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ የእጁ አንጓ ይወዛወዛል። ጫፉን ደግሞ ሊመታ ባሰበው ቦታ ላይ አያነጣጥርም፤ ወደ ነጯ ኳስ ሥር ዝቅ አድርጎ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ይቆይና ሲመታ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚያገኛት። ለጀማሪ እንዲህ አድርግ ብሎ የሚያስተምር ያለ አይመስለኝም። እንዴ! ይሄ ሰውዬ ሊስት ነው እንዴ ትላላችሁ። አይስትም።

ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ሞክሩ። የምትገባዋን ኳስ ተዉና ነጯን ብቻ ተከተሏት። ከመታች በኋላ ትንከባለልና ትቆማለች፤ የምትቆመው ደግሞ ለሚቀጥለው ምት ቀላል በሆነው ቦታ ነው። ያንን ይመታል፣ እንደገና ቀላል ቦታ። ደጋግማችሁ ስታዩት «ይሄንንማ እኔም እመታዋለሁ» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ትመቱታላችሁ። እዚያ ቦታ ላይ ግን አትደርሱም። ከባድ ምት ሲመታ እምብዛም የማታዩት ከባዱን ሥራ አንድ ምት ቀደም ብሎ ስለጨረሰው ነው።

የእኛን ሰፈር ፑል ቤቶች አስቡ። አንዱ ጠመኔውን ሲቀባ ቆይቶ በሙሉ ጉልበቱ ይለጋታል፤ ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ «ጧ!» ብላ ትገባለች፤ ቤቱ በጩኸት ይናጋል። ነጯስ? ሄዳ ሁለት ኳስ መሃል ተወትፋለች። ባለ ጉልበቱ ያጨበጨቡለትን እያየ ሳቅ ይላል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የጠረጴዛውን ሂሳብ የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ለነገሩ የከረምቡላ ሰዎች ይሄ ይገባቸዋል። በከረምቡላ ጠርዙን ካላወቅህ አልተጫወትክም። ሬየስም ፑል ብቻ አይደለም የተጫወተው፤ በ2019 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በካሮም፣ ማለትም ኳሷን ጠርዝ እያስነኩ በሚጫወቱት ቀዳዳ የለሽ ጨዋታ፣ ነሐስ ሲያገኝ 65 ዓመቱ ነበር። የሬኖዋ ምትም ብትሆን ሰማይ ዱብ ያደረጋት አይደለችም፤ ጠርዝ የሚያውቅ ሰው ምት ነች።

እንግዲህ እኛ የኳስ ሰዎች የምንገባው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ ስለተጫዋች የምንከራከረው በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ማን ስንት ሰው አታለለ፣ ማን ከየት መትቶ አገባ። ሪያል ማድሪድም በ2003 ክረምት ያደረገው ይህንኑ ነው። ቤካምን አመጣ፤ ማኬሌሌ ደግሞ ወደ ቼልሲ ሄደ። ማኬሌሌን በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ምን ብለህ ታሳየዋለህ? ቆሞ? ተጋጣሚ ሊያልፍበት የፈለገውን መንገድ ቀድሞ ዘግቶ? ማድሪድ ከዚያ በኋላ የስፔንን ሊግ ለማንሳት እስከ 2007 ጠበቀ። የማኬሌሌ መሄድ ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም። ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም የሚለኝ ካለ ግን እንከራከራለን።

ወደ ሆንግ ኮንግ ልመልሳችሁ። ሬየስ በአንድ ወቅት በ17 ጨዋታ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ፊቱ አይለወጥም፣ ጉልበት አይጨምርም፣ ቆራጣ ቪዲዮ የሚወጣው ምት አይፈልግም። ነጯን እዚያችው ቀላል ቦታ ላይ እያስቀመጠ አንድ በአንድ ለቀመው። 120 ለ117 አሸነፈ።

ማታ ጓደኞቼ ደውለው የመጀመሪያውን ግማሽ እንዴት አየኸው ሲሉኝ አላየሁም አልኳቸው። ምን ስታደርግ ነበር? ፑል ሳይ። ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ የሦስተኛው ቀን ጨዋታ ገና ይቀረኛል።