ከአዲስ ግንባታ በፊት ሥራ ፈት ሰርቨሮች ይቆጠሩ

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የኮሎራዶዋ ኦሮራ ኪውቲኤስ የተባለ ኩባንያ፣ በዴንቨር ኤሊሪያ ስዋንሲ ሰፈር ደግሞ ኮርሳይት የተባለ ሌላ ኩባንያ ግዙፍ የዳታ ማዕከል ይዘዋል። ከተሞቹ ተጨማሪ ኃይልና ውሃ ከመፍቀዳቸው በፊት ነባሮቹ ሰርቨሮች ምን ያህል እንደሚሠሩ መጠየቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 እነ ተመራማሪ ጆናታን ኩሚ ካጠኗቸው ሰርቨሮች 30 በመቶ ያህሉ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ምንም ሳይሠሩ መብራት ሲበሉ ተገኝተዋል። ቨርቹዋላይዜሽን አንዱን ማሽን ለብዙ ሥራ በማካፈል ይህን ብክነት ይቀንሳል።

አንድ ማሽን ሲወድቅ ብዙ አገልግሎት አብሮት ይወድቃል የሚለው ስጋት እውነት ነው። የአቅም ዕቅድ በአማካይ ሳይሆን በከፍተኛው ጭነት የሚሰላውና መጠባበቂያ የሚተወውም ለዚሁ ነው፤ የተረሳ ሰርቨር ግን መጠባበቂያ አይደለም። ሰርቨሩ የተከራዩ እንጂ የሕንፃው ባለቤት አይደለም የሚሉም አሉ። እንዲያ ከሆነ የአጠቃቀም ሪፖርት በኪራይ ውሉ ላይ ግዴታ ሆኖ ይግባ።