ማን ሊያየው ይመጣል?

ሙዚየም ይሠራ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን እናስቀምጥበት?» የሚል ነው። «ማን ሊያየው ይመጣል?» ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰቆጣን እንውሰድ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ እዚያም የዋግሹሞች ነው የሚባል፣ ሳይፈርስ የቆየ አስከሬን አለ። ዐዋቂ ነን ባዮቻችን ይህን ሲሰሙ የሚታያቸው የመስታወት ሣጥን፣ አምፖልና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ቱሪስት መጠበቅ!

እንደ ለመድነው ቢሠሩት፣ ከዋጉ ዝቋላ ወረዳ በእግሯ የመጣች እናት ከዚያ ሣጥን ፊት ቆማ ምን ታገኛለች? ጽሑፉን ላታነበው ትችላለች፤ ብታነብም አፏን የፈታችበት ኽምጣንጋ የለበትም። ሣጥኑ የተሰቀለው በረጅም ወንድ ዐይን ልክ ነው። ጉልበቷ ዝሏል፤ መቀመጫ የለም። ደግሞስ ለእርሷ ያ «ቅርስ» ነው እንዴ? የሞተ ሰው ነው እንጂ። ትሳለማለች? ታለቅሳለች? ፊቷን ታዞራለች? ለዚህ የሚሆን ቦታ ያሰበላት የለም።

ጥበቡ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቢሆን ባልከፋኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ማንበብ ለማይችለው በግድግዳዋ ላይ ሥዕል አኖረች፤ ቆሞ ለሚያድረው መቋሚያ ሰጠችው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብላ እስከ የት እንደሚዘልቅ በሕንፃው ነገረችው። እኛ ለአንድ ሰዓት እንግዳ አግዳሚ ነፈግን።

አዲስ አበባም ምሳሌ አላጣንም። ስድስት ኪሎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ በሰጡት ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃውን የደረደረው ከልጅነት ወደ ጉልምስና፣ ከዚያም ወደ ሞት በሚወስድ መንገድ ነው። ጎብኚው ከየትም ይምጣ በየትኛው በር እንደሚገባ ያውቃል፤ ተወልዷላ!

«ገንዘብ የለም» ይሉኛል። ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ ዋግ ውስጥ ጠፋ? ኽምጣንጋ የሚናገር አንድ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ማስቀመጥስ ስንት ሚሊዮን ይፈጃል? አስከሬኑም ይታይ አይታይ፣ መጀመሪያ ካህናቱና ዘመድ ነን የሚሉት ይጠየቁ። ይታይ ካሉም መጋረጃ ይደረግለት፤ የፈለገ ያስገልጥ፣ ያልፈለገችው እናት ሳታይ ትለፍ።