ባዶው ክፍል ስንት ያስከፍላል?

አምቦ ላይ ኪራይ ለመጨመር ምክንያት አይታጣም። ሲሚንቶ ተወደደ፣ ጤፍ ጨመረ፣ ጎረቤት ጨመረ ይባላል። መቀነስ ግን እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። «የሚከራይ ቤት» የሚለውን ወረቀት ዝናብ ያጥበዋል፣ ክፍሉም እንደተቆለፈ ይከርማል እንጂ ባለቤቱ መቶ ብር ዝቅ አይልም።

እስቲ እንደምረው። ለምሳሌ በወር 2000 ብር የተባለ ክፍል ሁለት ወር ባዶውን ቆይቶ ቢከራይ በዓመቱ የሚያስገባው 20,000 ብር ነው። ዛሬውኑ በ1700 ቢሰጥ 20,400 ይገኛል። የ300 ብር ኩራት 400 ብር አስከፈለ ማለት ነው፤ አይጡንና የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳንቆጥር።

አከራዮቹ ግን ሞኞች አይደሉም። የሚፈሩት አንዴ የወረደ ዋጋ ተመልሶ እንደማይወጣ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ሕጉ በሚሠራበት ከተማ ያንኑ ሂሳብ ጭማሪውን ትተን ለሁለት ዓመት ብንሠራው፣ በ1700 የተሰጠው 40,800፣ ሁለት ወር ጠብቆ በ2000 የተከራየው 44,000 ያስገባል። ለተከራይ ተብሎ የወጣ ሕግ ክፍል ቆልፎ መጠበቅን ሲያዋጣ ማየት ደስ አይልም፤ ሂሳቡ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ መቼ ይውረድ? እኛ ወሩ ይታይ እንላለን። ዩኒቨርሲቲው በሚቀዘቅዝበት ክረምት የተለቀቀ ክፍል ገና ተስፋ አለው። ትምህርት ተጀምሮ፣ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውር አልቆ፣ ኅዳር ላይም ባዶ ከሆነ ግን ማንን ይጠብቃል? ተከራይ እንደልብ በማይገኝባቸው በጊንጪና በጌዶ ደግሞ ኅዳርን መጠበቅም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ይለይ። ማንም ሊያየው የማይመጣ ቤት ጥፋቱ ዋጋው ነው። እየመጣ፣ እያየ የሚሄደው ሰው ከበዛ ግን ነገሩ ከሽንት ቤቱ፣ ከውሃው፣ ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከሚቆለፈው የግቢ በር ነው። እኛ ላጤ ሴቶች ክፍል ስንፈልግ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት የምናየው የበሩን መቀርቀሪያ ነው። መቀርቀሪያው ከላላ 300 ብር ቢቀነስልንም አንገባም።