ጡረታ የወጣ አውሮፕላን ካፌ ከሚሆን ባሕር ዳር ይቁም

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታ በኩል ባሕር ዳር ወርዶ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ኤርፖርት ነገር የደቡብ ጎንደርም ነገር ነው።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና መሬት ሲለቅ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሞከሩ፣ አልሆነም። ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፣ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እኔን የሚከነክነኝ የርግቦቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ የወደቀው ከኤርፖርቱ አጥር ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ቀድሞ የሚደርሰው ገበሬው፣ ሚሊሻው፣ ቢበዛ የወረዳው ፖሊስ ነው። የአውሮፕላን በር ከውጭ እንዴት እንደሚከፈት ከመካከላቸው ማን ያውቃል?

በሌላው ዓለም ለዚህ ከአገልግሎት የወጣ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ይቆማል። ሠልጣኙ ጭስ በሞላው ጠባብ መተላለፊያ ሰው ተሸክሞ ይወጣል፣ አካሉን በመጋዝ ይቆርጣል፣ ወንበር ይነቅላል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው የቆመው የእኛው ድሪምላይነር ሲቃጠል እሳቱ የተደበቀው ከጣሪያው ሽፋን በላይ ነበር። ሠራተኞቹ ገብተው ሽፋኑን ገንጥለው አጠፉት፤ አውሮፕላኑም ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። ይህ በሥዕል አይለመድም።

አየር መንገዱ ኤርፖርቶቹንም የሚያስተዳድረው ራሱ ነው፤ «አውሮፕላኑ የነሱ፣ ሜዳው የነዚያ» የሚባል ሰበብ የለም። ሞተሩና ውድ ዕቃው ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ቀፎ ወይ ካፌ ይሆናል፣ ወይ ይቀልጣል። በመጨረሻ በረራው ባሕር ዳር ቢያርፍ የጭነት መኪና እንኳ አይጠይቅም!

ብቻ አይቃጠል። ጣና እዚያው ነው፤ የማጥፊያው አረፋ ኬሚካል ሐይቁ ከገባ ማን ያወጣዋል? ለእሳቱ በጋዝ የሚነድ የብረት ሞዴል አለ። አሮጌ የአሉሚኒየም ቀፎ የድሪምላይነርን ካርቦን ፋይበር አያስተምርም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። አገር ውስጥ የሚመላለሱት ኪው 400 እና 737 ግን አሉሚኒየም ናቸው።

ዓለም አቀፉ ደንብ ሙሉ የአደጋ ልምምድ ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ ይደረግ ይላል። ለሚቀጥለው የደብረ ታቦር ሆስፒታል ሐኪሞች፣ የደራና የፎገራ ፖሊሶች፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ሾፌሮች ይጠሩ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰላም ከዋለ ጠዋት ወጥተው ማታ ቤታቸው ናቸው።